አንድ መድኃኒት ለሁለት ነፍስ



የዛሬው ንግግር ስለ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶችና ስለ እናቶች ነው። አንቲባዮቲክ የምንለው ወደ ሰውነታችን ገብተው በሽታ የሚያመጡትን፣ በዓይን የማይታዩትን፣ ባክቴሪያ የሚባሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት የሚገድል ወይም እንዳይራቡ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ታዲያ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ጡት የምታጠባ እናት ይህን መድኃኒት ብትወስድ ምን ይሆናል? የሚያድናት የትኛው ነው? ልጇን የሚጎዳውስ የትኛው ነው? ይህስ እንዴት ሊታወቅ ቻለ?

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገችኝ በማታው የጎልማሶች ክፍል ፊደል ከሚቆጥሩት እናቶች አንዷ ናት። የሦስት ወር ሕፃን አዝላ ትመጣለች። አንድ ማታ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ኋላ ቀረችና ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ በላስቲክ የተጠቀለሉ ጥቂት እንክብሎች አሳየችኝ።

«መምህር፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለች። «ጡቴ ቀልቶ፣ አብጦ ያተኩሰኛል። ጎረቤቴ ከራሷ የተረፈ መድኃኒት ሰጠችኝ። ሌላዋ ደግሞ ‹መድኃኒት ከዋጥሽ ወተቱ መርዝ ይሆናል፣ ልጁን ጡት አስጥዪው› አለችኝ። የማንን ልስማ?»

ላስቲኩን አገላብጬ አየሁት። ስም የለውም፤ ቀን የለውም፤ መጠን የለውም። ማንበብ የማስተምረው እኔም የማነበው ነገር አጣሁ። ነገ በማለዳ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ፣ እስከዚያው ልጁን ማጥባቷን እንዳታቋርጥ ነገርኳት። መጨረሻው ምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ወደ ታሪኩ እንግባ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንቲባዮቲክ ያልነበረበትን ዘመን እናስታውስ። እናት በሰላም ተገላግላ እልልታው ሳያበቃ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ ይላታል፤ ትኩሳቱ ይጨምራል፤ ሆዷ ያብጣል፤ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ይህ በሽታ የወሊድ ትኩሳት ይባላል። በየአገሩ፣ በሀብታሙም በድሃውም ቤት የነበረ በሽታ ነው። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል፣ የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል ከሚወልዱት 100 እናቶች ወደ 10 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በ1847 ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም ምክንያቱን ደረሰበት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ወደ 2 እና ከዚያም በታች ወረደ። ይሁንና መታጠብ በሽታውን ይከላከል እንደሆነ እንጂ አንዴ የያዛትን እናት አያድናትም። ለያዛት እናት መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ ገና ወደ 90 ዓመት ያህል ቀርቶ ነበር።

የመጀመሪያው ተስፋ የመጣው ከጀርመን አገር ነው። በ1935 ጌርሃርድ ዶማክ የተባለ ሊቅ ፕሮንቶሲል የሚባል ቀይ ማቅለሚያ በአይጦች ላይ ሞክሮ ባክቴሪያን ድል እንደሚያደርግ አሳወቀ። ይህ መድኃኒት ሱልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች በር ከፋች ሆነ። በ1936 በለንደን ከተማ በኩዊን ሻርሎት የእናቶች ሆስፒታል ሊዮናርድ ኮልብሩክ የተባለ ሐኪም በወሊድ ትኩሳት ለተያዙ እናቶች ሰጠው። መጀመሪያ ከታከሙት 38 እናቶች የሞቱት 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ግን በዚያው ሆስፒታል በበሽታው ከተያዙት ከአራቱ አንዷ ያህል ትሞት ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባክቴሪያን የሚዋጋ መድኃኒት ገና ብቅ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ ካዳናቸው ሰዎች መካከል አራሶች ይገኙበታል።

ሁለተኛው ፔኒሲሊን ነው። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ለንደን ውስጥ በሚሠራበት ሆስፒታል፣ ባክቴሪያ ባራባበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቅሎ በዙሪያው ያሉትን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋቸው አየ። ከሻጋታው መድኃኒት ማውጣት ግን ቀላል ሥራ አልነበረም። ይህን የፈጸሙት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኤርንስት ቼይንና የሥራ ጓዶቻቸው ናቸው፤ ጊዜውም 1940 እና 1941 ነበር።

በመጋቢት ወር 1942 በአሜሪካ አገር በኒው ሄቨን ከተማ አን ሚለር የተባለች የ33 ዓመት ሴት በሆስፒታል ተኝታ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። ፅንስ አስወርዷት ባክቴሪያ ወደ ደሟ ገብቷል። ለአንድ ወር ያህል ታማለች፤ ትኩሳቷ ከ41 ዲግሪ በላይ ወጥቷል። ሱልፋውም፣ ደም መስጠቱም፣ ቀዶ ሕክምናውም አልረዳትም። ሐኪሞቿ በስንት ልመና ጥቂት ፔኒሲሊን አገኙላት። መድኃኒቱ ያኔ በጣም ብርቅ ስለነበር ለእርሷ የተሰጠው በአሜሪካ ከነበረው ሁሉ እኩሌታ ያህል እንደነበር ይነገራል። ከሽንቷም ውስጥ እንደገና እየተጣራ ይወጣ ነበር። መርፌውን በወሰደች ማግስት ትኩሳቷ በረደ። እስከ 1999 ኖራ በ90 ዓመቷ አረፈች። በአሜሪካ በፔኒሲሊን ከሞት የተረፈች የመጀመሪያዋ ሰው እንግዲህ እናት ነበረች።

ፔኒሲሊን ለፅንሱም ደረሰለት። ቂጥኝ የያዛት ነፍሰ ጡር ልጇ በማሕፀን ሊሞት፣ ወይም በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል። በ1943 ጆን ማሆኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን አሳየ። መድኃኒቱ ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያክማል። ዛሬም ቢሆን ለነፍሰ ጡር ቂጥኝ የሚመከረው መድኃኒት ይኸው ፔኒሲሊን ነው። በአገራችን በነፍሰ ጡር ክትትል ጊዜ የደም ምርመራ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ እናቶች «ደም ለምን ይወሰዳል?» ብላችሁ አትሽሹ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ያሳዝናል።

ፔኒሲሊን በእንግዴ ልጅ በኩል ማለፉ በጀ። ታዲያ የሚጠቅመው ካለፈ የሚጎዳውስ ለምን አያልፍም? በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች የእንግዴ ልጅን እንደ ግንብ አጥር ያዩት ነበር። አራሱን ልጅም እንደ ትንሽ ትልቅ ሰው ቆጠሩት፤ መጠኑን ቀነስ አድርጎ መስጠት የሚበቃ መሰላቸው። በ1940ዎቹ አዳዲስ አንቲባዮቲኮች በላይ በላዩ ወጡ። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ። ከቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የመጀመሪያው በ1948፣ ክሎራምፌኒኮል በ1949 ለሕክምና ዋሉ። ሁሉም ብዙ ሕይወት ያዳኑ መድኃኒቶች ናቸው። ሆኖም ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበር።

አንደኛው ትምህርት ከኒው ዮርክ ከተማ መጣ። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በባክቴሪያ እንዳይጠቁ ተብሎ ፔኒሲሊንና ሱልፋ በአንድነት ይሰጣቸው ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ሐኪሞቹ ሁለቱን ወገን አስተያይተው በ1956 ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ ሱልፋ ከወሰዱት ወገን የሞቱት በዝተው ተገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። ያ ቢጫ ነገር በደም ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። ሱልፋው ግን ከተጣበቀበት ያስለቅቀዋል፤ የተለቀቀውም ወደ አንጎል ይገባል። ለጥበቃ የተሰጠ መድኃኒት ጉዳት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። በ1959 ሦስት ሐኪሞች፣ ከእነርሱም አንዷ ጆአን ሆጅማን የምትባል የሕፃናት ሐኪም፣ ያዩትን አሳተሙ። ምንም አንቲባዮቲክ ካልተሰጣቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ ያህል ሲሞት፣ ክሎራምፌኒኮል ከተሰጣቸው ግን ከግማሽ በላይ ሞቱ። ሕፃናቱ ሆዳቸው ይነፋል፣ ሰውነታቸው ይዝላል፣ ቆዳቸው አመድማ ይሆናል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የአዲስ ልጅ ጉበት ገና ተገጣጥሞ ያላለቀ ወፍጮ ነው። ትልቅ ሰው መድኃኒቱን ፈጭቶ በሽንቱ ያስወጣዋል። የሕፃኑ ወፍጮ ግን መፍጨት ስለማይችል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሕፃን ትንሽ ትልቅ ሰው አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሦስተኛው የቴትራሳይክሊን ነው። ይህ መድኃኒት ካልሲየም ከሚባለው፣ አጥንትና ጥርስ ከሚሠራበት ማዕድን ጋር ይጣበቃል። የሕፃን የወተት ጥርስ በማሕፀን ውስጥ፣ ከአራተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ መጠንከር ይጀምራል። እናት በእርግዝናዋ ሁለተኛ እኩሌታ ቴትራሳይክሊን ከወሰደች የልጁ ጥርስ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። ይህ የታወቀው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በደም ሥር ብዙ መጠን የተሰጣቸው ነፍሰ ጡሮች ጉበታቸው ተጎድቶ መሞታቸው ተዘገበ። ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲንም የፅንሱን ጆሮ ሊያደነቁር እንደሚችል ታወቀ።

ዓለምን ሁሉ ያስደነገጠው ግን አንቲባዮቲክ ያልሆነ መድኃኒት ነው። ታሊዶሚድ ይባላል። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀረበ፤ ለእንቅልፍ ማጣትና ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በየአገሩ ወደ 10,000 የሚሆኑ ልጆች እጅና እግራቸው ሳያድግ ወይም ሌላ ጉዳት ይዘው እንደተወለዱ ይገመታል። በአሜሪካ ግን ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የመንግሥት የመድኃኒት መርማሪ «በቂ ማስረጃ አላቀረባችሁም» ብላ እንዳይሸጥ አገደችው። ቢወተውቷትም ከቃሏ ፍንክች አላለችም። አንዲት ሴት ደፍራ በመጠየቋ ስንት ልጅ ተረፈ! ከዚያ ወዲህ የእንግዴ ልጅ የግንብ አጥር አለመሆኑን የሚከራከር አልተገኘም። አሳላፊ ወንፊት ነው።

ከዚህ በኋላ መንግሥታት መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንዲመረመር ሕጋቸውን አጠበቁ። በ1979 አሜሪካ መድኃኒቶችን ለነፍሰ ጡር ባላቸው አደጋ መጠን በአምስት ፊደላት መደበች፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤክስ ተባሉ። ሆኖም ሰዎች ፊደሎቹን እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ማየት ጀመሩ። እኛ መምህራን እንደምናውቀው አንድ ፊደል ስለ ተማሪው ሁሉን አይናገርም። ስለዚህ ከ2015 ጀምሮ ፊደላቱ እየቀሩ፣ በምትካቸው ምን እንደሚታወቅ በዐረፍተ ነገር ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ተደረገ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተገኘው እውቀት ምንድን ነው?

ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ እንዲሁም ሴፋሌክሲንና ሴፍትሪያክሶን ከሚገኙበት ወገን ያሉት ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባም እናት ለረጅም ዘመን ተሰጥተው የተፈተኑ ናቸው። ፔኒሲሊን የማይስማማት እናት ግን ይህንኑ አስቀድማ መናገር አለባት። በእርግዝና ጊዜ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና በመውለጃው ሰሞን ኮትሪሞክሳዞል፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲን ናቸው። እነዚህን ሐኪም ፈጽሞ አያዝም ማለት አይደለም። በሽታው ከመድኃኒቱ የባሰ አደጋ ሲሆን አመዛዝኖ ሊያዝ ይችላል። በሐኪም የታዘዘልሽን፣ በተለይም በየቀኑ እንድትወስጂው የተነገረሽን መድኃኒት፣ ይህን ሰምተሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ሄደሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ላስታውስ። ቲቲሲ የሚባለው፣ በአራስ ልጅ ዓይን ላይ የሚቀባው ቅባት ቴትራሳይክሊን ነው። «ቴትራሳይክሊን ጥርስ ያበላሻል ተብሏል» ብላችሁ ቅባቱን እንዳትከለክሉ። በዓይን ላይ የሚቀባው ጥቂት ስለሆነ ጥርስ አይደርስም፤ የልጁን ዓይን ግን ይጠብቃል። ስሙ አንድ ሆኖ አወሳሰዱና መጠኑ ሲለይ ነገሩም ይለያል።

ስለ ጡት ማጥባትስ? አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች ወደ ወተት የሚያልፉት በጣም በጥቂቱ ነው። ልጁ ሰገራው ሊቀጥን፣ አፉ ውስጥም ነጭ ነገር ሊወጣበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለጤና ባለሙያ ማሳየት ነው። ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ወይም ቢጫ የሆነ፣ ወይም ገና የቀናት ዕድሜ ያለው ከሆነ ይህን መናገር የበለጠ ያስፈልጋል። ያለ ምክንያት ጡት ማስጣል ግን ራሱ አደጋ ነው። ንጹሕ ውሃ በማይገኝበት ቤት ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጥ ደግሞ ሕፃን ይገድላል። ጡቷ ለቆሰለባት እናትም ማጥባቱ ወተቱ እንዳይከማች ስለሚረዳ መድኃኒት ነው። ልጁን ጡት አስጥዪ ያለቻት ጎረቤት ክፋት አስባ አልነበረም፤ ምክሯ ግን ስሕተት ነበር። የተረፈ መድኃኒት የሰጠቻትም ደግነት አስባ ነው፤ ሥራዋ ግን ከዚያ የባሰ ስሕተት ነበር።

ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ ማለት ነው። አንደኛው ያገኙትን መዋጥ ነው። ሁለተኛው «ፅንሱን ይጎዳል» ብሎ የሚያስፈልገውንም መድኃኒት መፍራት ነው። የሽንት ቧንቧ ሕመም ያልታከመላት ነፍሰ ጡር በሽታው ወደ ኩላሊቷ ሊወጣ፣ ልጇም ያለ ቀኑ ሊወለድ ይችላል። ቂጥኟ ያልታከመላት ልጇን ልታጣ ትችላለች። በፍርሃት የቀረ መድኃኒትም እንደ ተሳሳተ መድኃኒት ሁሉ ይገድላል።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ገና አልተጻፈም። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኬንያን፣ ኮንጎንና ዛምቢያን ጨምሮ በሰባት አገሮች ከ29,000 በላይ ወላዶች የተካፈሉበት፣ አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በምጥ ጊዜ አንዴ ሲሰጥ እናቶች በደም መመረዝ የሚያዙበትን ወይም የሚሞቱበትን አደጋ እንደሚቀንስ አሳየ። ካልተሰጣቸው ከ1,000 እናቶች 24 ሲጠቁ፣ ከተሰጣቸው 16 ተጠቁ። ለአራሶቹ ልጆች ግን ጥቅሙ አልታየም። ይህንንም ቢሆን እናት በራሷ ገዝታ የምትውጠው አይደለም። ደስ የሚለው ነገር እነዚህ እናቶች ተጠይቀውና ፈቅደው መካፈላቸው ነው። የዱሮዎቹ እናቶች ብዙዎቹ የሚሰጣቸውን እንኳ አያውቁም ነበር።

አሁን ወደዚያች ተማሪ ልመለስ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ለሕፃኑ የማያሰጋ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ማጥባቷንም እንድትቀጥል ተነገራት። በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ መጣችና አንድ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። በተንጋደደ ፊደል፣ ግን በገዛ እጇ፣ የመድኃኒቱን ስም ጽፋለች። የመድኃኒት ስም ብዙውን ጊዜ በካርቶኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል ስለሚታተም፣ የሰጠቻትን ባለሙያ «ስሙን በቀስታ ይጥሩልኝ» ብላ ለምና በአማርኛ የጻፈችው ራሷ ናት። በእውነቱ እኔም ተማርኩባት።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ትምህርት መጨረሻ ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለዚህ ተግባር ለዩ። አራት ነገሮች ይጻፉበት፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት በሽታ፣ በቀን ስንት ጊዜና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ የተጀመረበት ቀን። ጤና ጣቢያም ሆነ መድኃኒት ቤት ስትገቡ፣ ሳትጠየቁ በፊት «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ይህን ያህል ወሬ ነው» ወይም «አጠባለሁ፤ ልጄ ይህን ያህል ጊዜው ነው» በሉ። ገና እርግጠኛ ካልሆናችሁም «ወር አበባዬ ቀርቷል» በሉ። ባሎችም ለሚስቶቻችሁ መድኃኒት ልትገዙ ስትላኩ ይህንኑ ተናገሩ። የተረፈ እንክብል ከጎረቤት አትቀበሉ፤ ለጎረቤትም አትስጡ።

መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪሞቹም ለዚህ እውቀት የበቁት እየጠየቁ ነው።